በላም ተረግጣ

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ነገሩ የተበላሸው በእሱ ስለሆነ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ፊደል ያጣመመ ልጅ ጣቱ ላይ ማስመሪያ ይቀምሳል። እኔም የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ማስመሪያው ልክ ነው ወይስ አይደለም ብዬ አስቤ አላውቅም። ነርስ ከሆንኩ በኋላ በምሠራባት ክሊኒክ ዶክተሩ ራሱ የጻፈውን ማንበብ ሲያቅተው ካርዱን ወደ እኔ ይገፋልኝ ነበር። እኔ የጻፍኩትን ግን ማንም ያነበዋል።

ክሊኒኳ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የነበረች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ናት። አሁን የለችም፤ ባለቤቱ ሸጧት ሞባይል ይጠገንባታል። ያኔ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተከፍታ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳርም ከአምባሰል በኩልም በሚመጣ ሰው ትሞላ ነበር። የእኔ ሥራ ካርድ ማውጣት፣ ምን እንደሆኑ መጠየቅ፣ የነገሩኝን መጻፍ፣ ከዚያ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነው። የነገሩኝን መጻፍ ስል በትክክል የነገሩኝን ማለቴ ነው። በዚህ እኮራ ነበር።

የተደበደበች ሴት ተደበደብኩ ብላ አትመጣም። በር መታኝ ትላለች። ደረጃ የሌለው ቤት ውስጥ እየኖረች ከደረጃ ወደቅኩ ያለችኝም አለች። ከሁሉ የሚዘወተረው ግን «ላም ረገጠችኝ» ነው። ላም ጥሩ ምክንያት ናት። ዘመድ የላትም፤ ሽማግሌ አይላክባትም፤ ስሟ ቢጠፋ አትቀየምም። የምትናገረዋም የምሰማውም እኔ ላሟ እንደሌለች እናውቃለን። እኔ «አብሽሪ፣ ይሻልሻል» እላለሁ፤ እጽፋለሁ፤ እሷም ገመናዋ ተሸፍኖላት ትሄዳለች። ይህን ጨዋነት ነው የምለው የነበረው። እውነቱን ለመናገር ሥራም ይቀንስልኛል።

የምነግራችሁ ሴት ጎረቤቴ ነበረች። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለምበልጣት «ልጅቱ» እላት ነበር እንጂ ባለትዳር ናት። ወላጆቿ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ የሚያርሱ ሙስሊሞች ናቸው። ሐይቅ የመጣችው ዓሣ አጥማጅ አግብታ ነው። እሱ ጎህ ሲቀድ መረቡን ሊያነሳ በታንኳ ይገባል፤ እሷ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀውና ቅርፊቱን ትፍቃለች፣ ሆዱን ትከፍታለች፣ ለደሴና ለወልድያ መንገደኛ ትሸጣለች። እጇ ፈጣን ነበር። አንድ ቆሮሶ ዓሣ ለማጽዳት የሚፈጅባት ጊዜ ለእኔ ጓንት ለማጥለቅ አይበቃኝም።

በግቢያቸውና በግቢዬ መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥር ከደረቴ አይበልጥም። ስለዚህ ጓዳቸውን አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ ማጀት፣ መረብ የሚሰጣበት ገመድ፣ በቃ። ላም የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም፤ ፍየል የሚታሰርበት ቦታ እንኳ የላቸውም። ድምፅም ይሰማ ነበር። ሲሰማ ሬዲዮኔን ከፍ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ባሏ አብሯት ነበር። ግራ አንጓዋ አብጦ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ይዟታል፤ ላየው ሰው የተጨነቀ ባል ነው።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

እሱ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቀደመችው። «ላም ረገጠችኝ፣ ሲስተር።»

አፉን መልሶ ዘጋው። እሷ ዓይኔን አየችኝ፤ አየችኝና ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። ወደ ካርዱ አጎነበስኩ። «በላም ተረግጣ ግራ አንጓዋ ላይ እብጠት» ብዬ ጻፍኩ፤ የ«በላም»ን «ላ» እንኳ አስታውሳታለሁ፣ ቆንጆ ሆና ወጥታ ነበር። አሰርኩላት፣ ማስታገሻ ሰጠኋት፣ ሄዱ። በማግስቱ ባልየው በአጥሩ በኩል የታጠበ ዓሣ አቀበለኝ። ጾም ነበር። እናቴ በጾም ዓሣ አይበላም ትላለች፤ እኔ ይበላል ከሚሉት ወገን ነኝና ደስ ብሎኝ ጠበስኩት። ዓሣውን ያጠበችው እሷ እንደሆነች፣ ያጠበችውም ባሰርኩት እጅ እንደሆነ የገባኝ ከበላሁ በኋላ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ከአማቷ ጋር መጣች። አማቷ ሥርዓት ያላቸው ሴት ናቸው፤ ገና ሳይቀመጡ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ቤቴ ጠየቁኝ። ልጅቱ ትንፋሽ ስትስብ ጎኗን ትይዛለች። ምን እንደሆነች ጠየቅኳት። አሁንም ዓይኔን አየችና «ያቺው ላም ናት፣ ሲስተር» አለች። ለመርፌ እጅጌዋን ስሰበስብ ክንዷ ላይ የአራት ጣት ምልክት አየሁ፤ አምስተኛው ከኋላ በኩል ነው። እጅጌውን መለስኩት። «በላም ተረግጣ ቀኝ ጎኗ ላይ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። ጣቶቹን አልጻፍኳቸውም፤ አልነገረችኝማ።

ሲወጡ አማቷ «ሲስተር፣ እንግዲህ ለሽማግሎቹ የምናሳየው አንድ ወረቀት ብትጽፊልን» አሉኝ። ቤተሰቧ ነገሩን ሰምተው ሽማግሌ ልከው ኖሯል። ጻፍኩላቸው፤ ማህተም መታሁበት። ዓሣው በማግስቱ መጣ።

በመሃል ደሴ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ስለ ጾታዊ ጥቃት ነበር። አሠልጣኟ ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የተጎዳችን ሴት ብቻዋን አነጋግሩ አለች፤ ባል ወይ አማት አጠገቧ ቆሞ የምትሰጣችሁ መልስ የእሷ መልስ አይደለም። ጉዳቱና የተነገረው ምክንያት ካልተገጣጠሙ ሁለቱንም ጻፉ፣ ያያችሁትንም ጻፉ። ማድረግ ያለባትን አትወስኑላት፤ ያላትን አማራጭ ንገሯትና እሷ ትምረጥ። ሁሉንም በደብተሬ ላይ በውብ ጽሑፌ አስፍሬዋለሁ። ተመለስኩና ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ ልጅቱን ልጠራት እችል ነበር፤ ሁለት እርምጃ ነው። አልጠራኋትም። ለምን እንዳልጠራኋት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ የማገኘው መልስ ነውር መስሎኝ ነው የሚል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ መስከረም ላይ፣ የግሸን ተጓዥ መንገዱን በሞላበት ሰሞን ነው። ክሊኒኩን ስከፍት በሩ ላይ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። ሻሿን በግራ በኩል በእጇ ጨብጣዋለች፤ ጨርቁ እርጥብ ነው። ካርዷን አወጣሁ፣ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ።

«ዛሬ ላም አይደለችም» አለች። «በመቅዘፊያው ነው የመታኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ከዚያ ያደረግኩት ነገር ብልኅነት አይደለም፤ ደብተሬ ላይ የነበረው ነው። በሩን ዘጋሁ። መጮህ የለ፣ ማልቀስ የለ፣ ተራ በተራ ነገረችኝ። መረብ ተቀዶ ነበር፤ በእሷ አሳበበ። ግራ ጆሮዋ ከንጋት ጀምሮ ይጮኻል እንጂ ሌላ ነገር አይሰማም። ጎትቶ ያወጣት ማንም የለም፤ እሱ ወደ ሐይቁ ሲሄድ ወጣች።

«ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ግቢ እንደ አንቺ ላሉ ሴቶች የተለየ ክፍል አለ» አልኳት። «ሐኪሟም፣ ፖሊሷም፣ ዐቃቤ ሕጓም፣ የምታማክርሽም ሴት እዚያው ናቸው። ከቢሮ ቢሮ አትንከራተቺም። ብትፈልጊ ሕክምናውን ብቻ አግኝተሽ ትመለሻለሽ፤ ክሱ በግድ አይደለም። ልብስሽን ግን እንዳትቀይሪው፣ ደሙንም እንዳትታጠቢው።»

«ብቻዬን አልሄድም» አለች።

ጋቢዬን ደረብኩላት። ዶክተሩ ሲገባ ደሴ እየሄድኩ መሆኑን ነገርኩት፤ ታካሚው ምን ይሁን አለ፤ ታካሚ ይዤ ነው የምሄደው አልኩት። ወደ ላይ የሚወጣው መኪና ሁሉ በተጓዥ ተጨናንቆ ነበር፤ ወደ ደሴ የሚመለሰው ግን ባዶውን ነው፣ ሚኒባስ ሳንጠብቅ አገኘን። መንገድ ላይ «አማቴ ወረቀቱን ይዘውታል» አለችኝ። የትኛውን ወረቀት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ገብቶኛል።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። የተቀበለችን ሴት ልጅቱን ስሟን ከመጠየቋ በፊት ወንበር ሰጠቻት፤ ውሃ አመጣችላት። «ምን አድርገሽው ነው?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እኔ ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነበር፤ ባለመምጣቱ ተገረምኩ። ታሪኩን አንድ ጊዜ ተናገረች፤ ፖሊሷም ሐኪሟም አብረው ሰሙ። ጆሮዋ ታየ፤ የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፣ መንጋጋዋ ተሰንጥቋል። ለሕክምናው ክፍያ የጠየቃት የለም። ከሰዓት በኋላ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ ተጠየቀች። ወደ ቤት አለመመለስ የሚቻል መሆኑን ስትሰማ ወደ እኔ ዞራ «እውነቷን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው አልኳት። ሴቶች የሚቆዩበት መጠለያ ቤት ወሰዷት፤ እኔ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። ጋቢዬን እንድትይዘው ተውኩላት። በሚኒባሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሷ ደስ አለኝ፤ ስለ ራሴም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ብዙ አልቆየም።

ክሱን ለመቀጠል የወሰነችው እሷ ናት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወጣቷ ዐቃቤ ሕግ ደወለችልኝ። ባልየው አልመታኋትም፣ ከታንኳ ስትወርድ አዳልጧት ነው ብሏል። ቤት ውስጥ ሌላ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ድብደባው የቆየ መሆኑን የሚያሳይ የድሮ ካርድ ካለ ይጠቅማል አለች። ካርድ በሥርዓት እንደምይዝ በኩራት ነገርኳት። ከዚያ ሄጄ ካርዱን ከፈትኩና አነበብኩት።

በላም ተረግጣ። በላም ተረግጣ። ጥርት ብሎ ይነበባል።

ባልየው ደግሞ ቀድሞን ኖሯል። ማህተም የመታሁበትን ወረቀት ጠበቃው ለፍርድ ቤት አስገብቶታል። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ይቺ ሴት በየጊዜው በአደጋ ስትጎዳ የኖረች ናት፣ ያኔ ላም ያለችውን ዛሬ ባል አለችው፣ ይኸው ነርሷ የጻፈችው። ዐቃቤ ሕጓ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ወረቀቱ ከታመነ እሱ ነጻ ይወጣል፤ ልጅቱም ባሏን በሐሰት ያስከሰሰች ተብላ አምባሰልም ሐይቅም መግቢያ አይኖራትም። ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ጽፌያለሁ ብዬ ከመሰከርኩ ደግሞ እኔ ልጠየቅ እችላለሁ።

የክሊኒኩ ባለቤት መፍትሔ ነበረው። «የነገረችሽን ጻፍሽ። ከዚህ ወዲያ ምን አገባሽ?» አለኝ። ሐሰትም አይደለም፤ የነገረችኝን ነው የጻፍኩት። አንድ ቃል ሳልዋሽ ልጅቱን ላጠፋት እችል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳመነዥክ ሰነበትኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ቤቴ መጡ። አበጋር ናቸው፤ በእኛ አገር የተጣላን፣ ደም የተቃባን ሁሉ ቁጭ አድርገው የሚያስታርቁ፣ ቃላቸውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚፈራው። እሳቸው ፊት የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ያደረገውን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዱዓ የሚደረገው። የላኳቸው የባልየው ዘመዶች መሆናቸውን አልደበቁኝም። ሻይ አቀረብኩላቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «እነዚህን ልጆች እኔ ነኝ ያስታረቅኋቸው። ባልየውን ምን አደረግሃት ብዬ ብጠይቀው ላም ነው አለኝ። ልጅቱን ብጠይቃት ዝም አለች። ዝም ስትል ልነሳ ነበር፤ ያልጨረሰ ሰው ላይ ዱዓ አላደርግም። ያኔ ወረቀትሽን አወጡልኝ። የተማረች ሰው ጽፋዋለች ብዬ እጄን ለዱዓ ዘረጋሁ። ወላሂ፣ ፊደሉን አይቼ ነው ያመንኩት።»

ስኒውን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግኩት።

«በወረቀትሽ ጽኚ በዪልን ብለው ነው የላኩኝ። አደራውን አድርሻለሁ። እኔ ደግሞ የራሴን ልጠይቅሽ። ላሟን አይተሻታል?»

«ላም የላቸውም፣ አባቴ» አልኳቸው።

ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ሻዩን አልቀመሱትም። ሰው ቤት ገብተው የቀረበላቸውን ሳይነኩ የሚወጡት የበዳይ ቤት ሲሆን ብቻ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ችሎት የቀረብኩት በጥር ነው። ማልኩ። የባልየው ጠበቃ ትሑት ሰው ነው፤ ካርዱን እንደ ግብዣ ጥሪ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ውብ ጽሑፍ ነው። ያንብቡልን።»

አነበብኩ። ሁለቱንም አነበብኩ።

«ይህን የነገረችዎ ራሷ ናት?»

«ራሷ ናት።»

«ስለዚህ በላም ተረግጣ ነው።»

«አይደለም» አልኩ። «ጎረቤታቸው ነኝ። ላም የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም። ሁለተኛውን ጊዜ ክንዷ ላይ የሰው ጣት ምልክት አይቻለሁ፤ አልጻፍኩትም። ስጽፍም አውቅ ነበር።»

ዳኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ያውቁ ነበር?» አለች። አውቅ ነበር አልኩ። ጸሐፊው እስኪጽፈው ጠበቀች፤ ከዚያ እንድደግመው አደረገችኝ። ልጅቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ በደህናው ጆሮዋ ለመስማት አንገቷን ዘንበል አድርጋለች።

ባልየው ተፈረደበት፤ እኔ በዳኛዋ ተገሠጽኩ። የክሊኒኩም ባለቤት ብዙ ሳይቆይ አሰናበተኝ፤ አልተከራከርኩትም። ዛሬ በሌላ ቦታ ነው የምሠራው። ከታካሚዋ ጋር አብሮ የመጣውን ሰው ውጭ ጠብቅ እላለሁ፤ በሩን እዘጋለሁ፤ ያየሁትንም እጽፋለሁ። አንዳንዱ ባል ይቆጣል።

ፍርዱ በተሰጠበት ቀን ከልጅቱ ጋር እስከ መኪና መቆሚያው አብረን ወረድን። ውጫሌ ያለች አክስቷ ጋ ትሄድ ነበር፤ ከመጠለያው ስትወጣ አክስቷ ወስዳታለች። በግራ ስለማትሰማ በቀኟ ሆኜ ሄድኩ። ጋቢዬን አጥባና አጣጥፋ በፌስታል መልሳልኛለች። ይቅርታ መጠየቅ ፈልጌ እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። በመጨረሻ ለምን ያን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽ ብዬ ጠየቅኳት፤ ከሁሉ የማይረባውን ጥያቄ።

«ዝምስ አላልኩም» አለች። «የመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ ድንጋይ አዳለጠኝ በዪ ብሎኝ ነበር። ድንጋይ ብልሽ ታምኚኛለሽ። ላም ያልኩት አንቺ ስለሆንሽ ነው፣ ሲስተር። ላም እንደሌለን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ‹የማን ላም?› ትይኛለሽ ብዬ ዓይን ዓይንሽን ሳይ ነበር።»

የውጫሌው ሚኒባስ መጥቶ ቆመ።

«ሁለተኛውስ ጊዜ?» አልኳት።

«ያኔማ ያቺው ላም ናት አልኩሽ» አለች፤ «ረስተሽው እንደሆን ብዬ።»